ሜዲቴሽን ያስደስታል ወይስ ያሳርፋል?

ሜዲቴሽን ዛሬ በየስልካችን የሚሸጠው በደስታ ስም ነው። ዐሥር ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሻችሁን ተከተሉ፣ ክፉ ክፉውን ሐሳብ አስወጡ፣ በጎ በጎውን አስገቡ፣ ሕይወታችሁ ይለወጣል ይባላል። በአማርኛ የሚለቀቁ ብዙ የማነቃቂያ ንግግሮችም ይህንኑ ተቀብለው ከ«ቀና አስተሳሰብ» ጋር ስላስተሳሰሩት ሁለቱ እንደ አንድ ነገር ሲነገሩ እንሰማለን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ሜዲቴሽን የሚያደርጉ አዋቂዎች 4.1 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 ቁጥሩ 14.2 በመቶ ደረሰ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ካልም» የተባለው የስልክ መተግበሪያ በ2019 አንድ ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በ2024 መጨረሻ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ዲሴምበር 21ን፣ በእኛ ታኅሣሥ 12ን፣ የዓለም የሜዲቴሽን ቀን ብሎ ሰየመው።

ይህን ያህል ተስፋ የተጫነበት ልምምድ ምን ያህሉን ይፈጽማል? ባለፉት አርባ ዓመታት የተደረጉትን ዋና ዋና ጥናቶች ተራ በተራ ያየ ሰው የሚደርስበት መልስ ከማስታወቂያው ይለያል። ሜዲቴሽን ደስታን ይጨምራል ለማለት የሚቀርበው ማስረጃ ስስ ነው። ጭንቀትንና ድባቴን፣ በተለይም ሰውን ከእኩለ ሌሊት እንቅልፉ የሚያነቃውን መብሰልሰል እንደሚያላላ የሚያሳየው ማስረጃ ግን ጠንከር ያለ ነው። ከቀና አስተሳሰብ ጋር ያለው ዝምድናም እንደሚወራው አይደለም። እንዲያውም በብዙ ነገር ተቃራኒው ነው።

ይህን ልዩነት ማንሳት ትርፍ ጥንቃቄ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ድባቴ የያዘው ሰው ደስታ ቃል ተገብቶለት ለሳምንታት ቢቀመጥና ደስታው ባይመጣ፣ ጥፋቱን የሚያላክከው በራሱ ላይ ነው። «ይህ እንኳ አልሆነልኝም» ይላል። በሰው ጤና ላይ የሚገባ የሐሰት ተስፋ ጉዳቱ የሚያርፈው በመጀመሪያም በተጎዳው ሰው ላይ ነው።

ነገሩ በዘመናዊ ሕክምና ውስጥ እንዴት እንደ ገባ እንመልከት። በ1979 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዉስተር ከተማ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ጆን ካባት-ዚን የተባለ የሞለኪዩላር ባዮሎጂ ምሁር አንድ ክሊኒክ ከፈተ። ወደ እርሱ ይላኩ የነበሩት ደስታ ፈላጊዎች አልነበሩም። የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ ራስ ምታትና ሌላም ሥር የሰደደ ስቃይ የነበረባቸው፣ ሐኪሞች የሚችሉትን አድርገውላቸው ሙሉ በሙሉ ያልዳኑ ሕሙማን ነበሩ። ካባት-ዚን ከቡድሂስት መምህራን የተማረውን ልምምድ ከሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ለይቶ የስምንት ሳምንት ኮርስ አደረገው። ሕሙማኑ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በቡድን ይቀመጣሉ፤ በየቀኑ ቤታቸው 45 ደቂቃ ይለማመዳሉ፤ በኮርሱ መገባደጃ አካባቢም አንድ ቀን በዝምታ ያሳልፋሉ።

ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ዘቢብ መብላት ነው። አንዲት ፍሬ በእጅ ይዞ ማየት፣ ማሽተት፣ ምላስ ላይ አስቀምጦ መቆየት፣ በዝግታ አላምጦ መዋጥ። ከዚያ በጀርባ ተኝቶ ከእግር ጣት እስከ ራስ ቅል እያንዳንዱን የሰውነት ክፍል በልቡና መዳሰስ ይመጣል። የሚያምመው ቦታ ላይ ሲደርሱ መሸሽ የለም። እዚያው ቆይቶ ሕመሙ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያበቃ፣ ይወጋ እንደሆነ ወይም ይፋጅ እንደሆነ ማስተዋል ነው ሥራው።

ይህ ምን ይፈይዳል? ለዓመታት የታመመ ሰው ስቃዩ ሁለት ፎቅ አለው። አንደኛው ሥጋው ላይ የሚሰማው ስሜት ነው። ሁለተኛው ልቡ የሚጨምርበት ነው፤ «ይህ መቼም አይለቀኝም፣ ሥራዬን አጣለሁ፣ በልጆቼ ላይ ሸክም ሆንኩ» የሚለው። ልምምዱ የመጀመሪያውን ሊያጠፋው አይችልም። ሁለተኛውን ግን ለይቶ ማየትን ያስተምራል፤ ተለይቶ የታየ ሐሳብ ደግሞ እንደ ቀድሞው አያስጨንቅም። ኮርሱ ሲጀመር ለሕሙማኑ የቀረበላቸው ከሕመማቸው ጋር የሚኖሩበትን ሌላ መንገድ መማር ነበር። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ በኋላ የመጣው ጩኸት የሸፈነውም ይህንኑ ነው።

ጩኸቱ የመጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1998 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ማርቲን ሴሊግማን፣ ሥነ ልቦና በሽታን ብቻ ሳይሆን ደስታንና መልካም ኑሮንም ማጥናት አለበት ብሎ ነበር። በ2003 የአንጎል ተመራማሪው ሪቻርድ ዴቪድሰን፣ ካባት-ዚንና ባልደረቦቻቸው በዊስኮንሲን ግዛት ማዲሰን ከተማ የአንድ የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ ሠራተኞችን ያሳተፈ ጥናት አወጡ። የስምንት ሳምንቱን ኮርስ የወሰዱት 25 ሰዎች ከበጎ ስሜት ጋር በሚያያዘው የግራ የፊት አንጎል ክፍል ላይ እንቅስቃሴያቸው ጨምሮ ታየ፤ ለጉንፋን ክትባትም ሰውነታቸው የበለጠ ፀረ እንግዳ አካል ሠራ። ለንጽጽር የተወሰዱት 16 ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ከ10,000 እስከ 50,000 ሰዓት በልምምድ ያሳለፉ የቲቤት ቡድሂዝም መነኮሳት የአንጎል ሞገድ ተለካ፤ ውጤቱ በዓለም ጋዜጦች ተሠራጨ። በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት የዶክትሬት ዲግሪውን ሠርቶ የመነኮሰው ፈረንሳዊው ማቲዩ ሪካርም በጋዜጦች «የዓለም ደስተኛው ሰው» ተባለ። እርሱ ራሱ ስያሜውን ደጋግሞ ውድቅ ቢያደርገውም ስያሜው አልለቀቀውም።

በ2011 ደግሞ ስምንት ሳምንት ብቻ የተለማመዱ ሰዎች በአንጎላቸው ውስጥ ከማስታወስና ከስሜት ጋር የተያያዘው ክፍል ወፈረ የሚል ጥናት ወጣ። ኮርሱን የወሰዱት 16 ሰዎች ነበሩ። «ሜዲቴሽን አንጎልን ይቀርጻል» የሚለው አባባል እስከ ዛሬ በየመድረኩ ይደገማል። በ2022 ግን የዚያው የዴቪድሰን ማዕከል ተመራማሪዎች ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ይዘው፣ ትክክለኛ የማነጻጸሪያ ቡድን አቁመው ጥያቄውን እንደገና መረመሩት። ከስምንት ሳምንት በኋላ በአንጎል መዋቅር ላይ ለውጥ አላገኙም። ሜዲቴሽንን ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ቤት የወጣ እርማት ስለሆነ ይህን ሥራ አከብረዋለሁ። እርማቱ ግን ከመጀመሪያው ዜና በጣም ያነሰ ጆሮ ነው ያገኘው።

ስለ ደስታ በቀጥታ የሚናገረው ትልቁ ምዘና በ2014 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነው። አጥኚዎቹ ከ18,000 በላይ ጽሑፎችን አጣርተው፣ ተሳታፊዎቻቸውን በዕጣ የደለደሉና ተገቢ ማነጻጸሪያ ያላቸውን 47 ሙከራዎች ብቻ አስቀሩ፤ በአጠቃላይ 3,515 ሰዎች ነበሩባቸው። ለጭንቀት፣ ለድባቴና ለሕመም መጠነኛ የሆነ፣ ግን የሚታመን ጥቅም አገኙ። ወደ በጎ ስሜት፣ ማለትም ወደ ደስታው ሲመጡ ግን ማስረጃው ወይ ዝቅተኛ ነበር፣ ወይ ፍርድ ለመስጠት የማይበቃ። ሜዲቴሽን ከመድኃኒት፣ ከስፖርት እንቅስቃሴ ወይም ከሌላ የሥነ ልቦና ሕክምና ይበልጣል የሚያሰኝም ነገር አላገኙም።

ይህን ውጤት ሜዲቴሽንን ለማጣጣል የሚጠቀሙበት አሉ። እኔ ግን የልምምዱን ትክክለኛ ቦታ የሚያመለክት ሆኖ ነው ያየሁት፤ ያ ቦታ የሚባዝን ሐሳብ ነው።

ሐሳብ ሲባዝን ምን እንደሚሆን የሃርቫርድ ተመራማሪዎቹ ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት በ2010 ያወጡት ጥናት ያሳያል። 2,250 አዋቂዎችን በስልካቸው አማካይነት በማናቸውም ሰዓት ድንገት እየጠሩ ሦስት ነገር ጠየቋቸው፤ አሁን ምን እየሠራህ ነው? ልብህ ሥራህ ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ምን ያህል ደስ ብሎሃል? ሰዎቹ 46.9 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ልባቸው ከሚሠሩት ነገር ውጭ ነበር። ልባቸው በባዘነ ጊዜም ደስታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይበልጥ የሚያስገርመው ሐሳባቸው ወደሚያስደስት ነገር በሄደበት ጊዜ እንኳ፣ ከፊታቸው ባለው ሥራ ላይ ካሉበት ጊዜ የበለጠ ደስተኞች አለመሆናቸው ነው። ጥሩ ጥሩውን ማሰብ በራሱ እንደማያስደስት ከዚህ የተሻለ ማሳያ ያየሁት የለም።

ባዘነ ያልኩት ሐሳብ በአንድ ጉዳይ ላይ ሲቆምና ሲሽከረከር መብሰልሰል ይሆናል። «ለምን እንዲህ አልኩ? ለምን እንዲህ አሉኝ? እኔ ላይ ምን ጎድሎ ነው?» መብሰልሰል ችግርን የመፍታት መልክ አለው፤ ሰውየው እያሰብኩበት ነው ይላል፤ ነገር ግን መቶ ጊዜ ዞሮ አንዲት እርምጃ አይራመድም። የድባቴ ትልቁ ማገዶ ይህ ነው። ሦስት የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊልያምስና ጆን ቲስዴል፣ በ1990ዎቹ የተከተሉት ጥያቄም ከዚሁ የሚነሳ ነበር፤ ከድባቴ የዳነ ሰው ለምን ደጋግሞ ይወድቃል?

ያገኙት መልስ እንዲህ የሚል ነው። ሰው ድባቴ በያዘው ቁጥር በትካዜና በክፉ ሐሳብ መካከል ያለው መንገድ እየተጠረገ ይሄዳል። ሌላው ሰው ዝናባማ ቀን ስለሆነ ወይም እንቅልፍ ስላጣ ብቻ ትንሽ ይከፋውና ያልፍለታል። ሦስት ጊዜ የወደቀው ሰው ግን ያችው ትንሽ ትካዜ በተጠረገው መንገድ በቀጥታ «ዋጋ የለኝም» ወደሚለው ታደርሰዋለች። ስለዚህ ሦስቱ ሊቃውንት የካባት-ዚንን ኮርስ ወስደው፣ ትካዜው ሲመጣ ቀድሞ ማወቅንና «ይህ ሐሳብ ነው፣ እውነት መሆኑ ግን አልተረጋገጠም» ብሎ ራቅ ብሎ መመልከትን የሚያስተምር ሕክምና ሠሩ። በ2000 በታተመው ሙከራቸው ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ድባቴ ከያዛቸው ሕሙማን መካከል፣ በመደበኛው ክትትል ብቻ ከቆዩት በአንድ ዓመት አካባቢ ውስጥ 66 በመቶው ሕመሙ ተመልሶባቸዋል፤ ኮርሱን በወሰዱት ላይ ቁጥሩ ወደ 40 በመቶ ወረደ። ሁለት ጊዜ ብቻ የታመሙትን ግን አልጠቀማቸውም። ጥቅሙ የታየው መንገዱ በደንብ በተጠረገባቸው ላይ መሆኑ የሊቃውንቱን ሐሳብ የሚደግፍ ነው።

በ2015 በእንግሊዝ 424 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ሙከራ ይህን ሕክምና ከፀረ ድባቴ መድኃኒት ጋር አነጻጸረው። በሁለት ዓመት ውስጥ ኮርሱን ወስደው መድኃኒታቸውን በሐኪም ድጋፍ እንዲቀንሱ ከተደረጉት 44 በመቶው፣ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት 47 በመቶው እንደገና ታመሙ። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በ2022 በአሜሪካ 276 የጭንቀት ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራም የስምንት ሳምንቱ ኮርስ ኤሲታሎፕራም ከተባለው የታወቀ መድኃኒት እንደማያንስ አሳይቷል። መድኃኒት ለማይስማማው ወይም ለዓመታት መዋጥ ለሰለቸው ሰው ይህ ቀላል ዜና አይደለም። ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ግን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ የሚደረግ ነገር ነው፤ በሙከራዎቹ ውስጥም የተደረገው እንደዚያው ነው።

ወደ ቀና አስተሳሰብ እንምጣ። ሐሳቡን በ1952 በታተመ መጽሐፉ በዓለም ያስፋፋው አሜሪካዊው ሰባኪ ኖርማን ቪንሰንት ፒል ነው፤ ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩ ከምናያቸው ትርጉሞችና ቅጂዎች ብዙዎቹ የእርሱ የልጅ ልጆች ናቸው። ምክሩ ክፉውን ሐሳብ አባርር፣ መልካሙን አስብ፣ የምትፈልገውን እንደ ሆነ አድርገህ ሣል የሚል ነው። በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ተማሪዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ጠይቆ፣ ድቡ ትዝ ባላቸው ቁጥር ደወል እንዲደውሉ አደረገ። ደወሉ አላቋረጠም። ክልከላው ሲነሣላቸው ደግሞ ከመጀመሪያውም አስቡ ከተባሉት ይበልጥ ስለ ድቡ አሰቡ። የተከለከለ ሐሳብ ይበረታል። እኛ ለተጨነቀ ሰው በፍቅር የምንለው «አታስብ» የማይሠራው ለዚህ ነው። ተናጋሪው መልካም ያስባል፤ ሰሚው ግን ባሰበ ቁጥር የታዘዘውን ያልፈጸመ ይመስለዋል።

በ2009 ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በካናዳ ያደረጉት ጥናት ደግሞ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ለራሳቸው ደጋግመው ሲናገሩ ስሜታቸው ካልተናገሩት ይልቅ እንደሚከፋ አሳየ። ቃሉን ባሉት ቁጥር ልባቸው ማስተባበያውን ያወጣል። ጀርመናዊቷ ጋብሪኤለ ኤቲንገን ከሠላሳ ዓመታት በላይ ያደረገቻቸው ጥናቶችም ወደዚያው ይመራሉ። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ወጣቶችን ተከታትላ፣ ጥሩ ሥራ ይዘው ራሳቸውን በብዛት በምናብ የሚያዩት ከሁለት ዓመት በኋላ ያመለከቱበት ሥራ፣ የቀረበላቸው የሥራ ጥሪና ደመወዛቸው ሳይቀር ያነሰ መሆኑን አገኘች። ምናቡ የስኬቱን ደስታ አስቀድሞ ስለሚያቀምስ የመሮጫውን ጉልበት ይወስዳል። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ፤ ተሞክሮን መሠረት ያደረገ ተስፋ፣ «ሞክሬ ችያለሁ፣ አሁንም እችላለሁ» የሚለው፣ በእርሷም ጥናት ጠቃሚ ነው። የሚያዳክመው መሰናክሉን የዘለለ ሕልም ነው። ዲግሪ ይዞ ሥራ ላጣው ወጣታችን በየመድረኩ ሕልም ብቻ የሚያድሉ ሰዎች ይህን ቢያነቡት እወዳለሁ።

ሜዲቴሽን በዚህ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ከማባረሩም ከማስገባቱም ወገን አይደለም። ክፉው ሐሳብ ይምጣ፤ መምጣቱን እይ፤ አትከተለው፤ አትጣላውም ይላል። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊመስለን አይገባም። ለቅሶ ቤታችን ውስጥ የሚደረገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሐዘንተኛው በጎ በጎውን አስብ የሚለው የለም። እንዲያለቅስ ይተዋል፣ ሙሾ ይወጣለታል፣ ጎረቤት ምንጣፍ ላይ አብሮት ይቀመጣል፣ የዕድር ድንኳን ይተከልለታል። ሐዘኑ ቦታ ስለተሰጠው ቀስ በቀስ ይላላል።

ይህን መቀበል ከደስታ ጋር የሚያገናኙ ጥናቶች አሉ። በፒትስበርግ ኤሚሊ ሊንድሴና ዴቪድ ክረስዌል 153 የተጨናነቁ አዋቂዎችን በሦስት ከፍለው ለሁለት ሳምንት በስልክ አሠለጠኑ። አንዱ ቡድን ስሜቱን ማስተዋል ብቻ ተማረ። ሌላው ማስተዋልንም፣ ያስተዋለውን መቀበልንም ተማረ። ሦስተኛው ከሁለቱም ውጭ የሆነ ሌላ ሥልጠና ወሰደ። ለጭንቀት ፈተና ሰውነታቸው የሚሰጠው ምላሽ የቀነሰው፣ ብቸኝነታቸውም የተቃለለው መቀበልን የተማሩት ላይ ነው፤ የቡድኑ ሌሎች ሥራዎችም በዕለት ኑሮ ያለው በጎ ስሜት የሚጨምረው በዚሁ በኩል እንደሆነ ያሳያሉ። ማስተዋል ብቻውን አይበቃም። ራሱን የሚነቅፍ ሰው ዐሥር ደቂቃ ቢቀመጥ ራሱን ይበልጥ አጥርቶ ሊነቅፍ ይችላል።

ደስታን ራሱን የሚፈልግ ሰው ካለም ሌላ ዓይነት ልምምድ አለ፤ ለሌሎች መልካም መመኘት። ለራስ፣ ለሚወዱት፣ ለማያውቁት፣ በመጨረሻም ለተጣሉት ሰው በልብ ደኅንነትን መመኘት ነው። ባርባራ ፍሬድሪክሰን በ2008 ባወጣችው ጥናት 139 ሠራተኞች ከፊሎቹ ይህን ተማሩ፤ ፍቅር፣ ምስጋና፣ ተስፋና እርካታ ቀስ በቀስ ጨመረላቸው። ለውጡ ወዲያው አልታየም፤ ሳምንታት ጠየቀ። በጀርመን ላይፕዚግ ታኒያ ዚንገር የመራችው የዘጠኝ ወር ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። ከሰው ፊት ቆሞ በመፈተን ጊዜ የሚወጣውን የጭንቀት ሆርሞን የቀነሰው ትንፋሽን ብቻ መከተል አልነበረም። ሁለት ሁለት ሆነው ስለ ስሜታቸው የተነጋገሩበትና ርኅራኄን የተለማመዱበት ክፍል እስከ ግማሽ ቀነሰው። ስለዚህ «ሜዲቴሽን ደስታን ይጨምራል?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ የትኛው ሜዲቴሽን ነው የሚል ነው። ወደ ሰው የሚወስደው ይጨምራል፤ ጊዜውንም ይፈልጋል። ብቻውን ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ የሚቀመጠው ሰው ዕረፍት ያገኝ ይሆናል፤ ደስታ ግን ብዙውን ጊዜ በሰው በኩል ነው የሚመጣው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ጥናት የተደረገው በእኛው ክፍለ ዓለም ሰዎች ላይ ነው። የሃይፋ ዩኒቨርሲቲው አሚት በርንስታይንና ባልደረቦቹ በቴል አቪቭ በጥገኝነት ጥያቄ ላይ ያሉ 158 ኤርትራውያንን ይዘው፣ ጽኑ የሥነ ልቦና ቁስል ላለባቸው ስደተኞች የተዘጋጀ ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ ያለው ኮርስ ሞከሩ። ስደተኞቹ የተሰደዱበት የሲና በረሃ መንገድ የአጋቾችና የአሠቃዮች መንገድ ነበር፤ እዚያ ደርሰውም ነገ የት እንደሚሆኑ አያውቁም። በ2021 የታተመው ውጤት ኮርሱን በወሰዱት ላይ ቁስሉ የሚያመጣው ስቃይ፣ ድባቴና ጭንቀት ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ መቀነሱን አሳየ፤ ጉዳት ማድረሱም አልታየም። ለእነዚህ ሰዎች በጎ በጎውን አስቡ ማለት ስድብ በሆነ ነበር። የተሰጣቸው ትዝታው በመጣ ጊዜ የሚቆሙበት መሬት ነው።

በ2020 የታተመው ሌላው ጥናት በኡጋንዳ ራይኖ ካምፕ የሚኖሩ 694 የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች የተሳተፉበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው በዚህ ሥልጠና፣ ከልብ መሰብሰብ ልምምዶች ጋር፣ በከባድ ስሜት መካከል ሆኖ ለሚወዱት ነገር መሥራትን ተማሩ። አምስት ጊዜ ብቻ ይሰበሰባሉ፤ ትምህርቱ በድምፅ ተቀርጿል፤ የሚያስተባብሩት አጭር ሥልጠና የወሰዱ ተራ ሰዎች ናቸው። የሴቶቹ ጭንቀት በግልጽ ቀነሰ። ከሦስት ወር በኋላ ጥቅሙ አነሰ፣ ግን አልጠፋም።

ጥንቃቄውም እንደ ጥቅሙ ግልጽ መሆን አለበት። በ2020 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ሜዲቴሽን ካደረጉት ወደ 8 በመቶ የሚሆኑት መጥፎ ተሞክሮ እንደገጠማቸው አስልቷል፤ በብዛት የተመዘገበው ጭንቀትና ድባቴ ነው። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ዊሎቢ ብሪተንና ባልደረቦቿ እንቅልፍ ማጣት፣ ከራስ የመነጠል ስሜት፣ የቆየ ክፉ ትዝታ ድንገት መጉረፍ የደረሰባቸውን ሰዎች መዝግበዋል። ረዥም የዝምታ ቆይታ፣ በተለይም የአእምሮ ሕመም ታሪክ ላለበት ሰው፣ ያለ ረዳት የሚገባበት አይደለም። በእንግሊዝ ከ8,000 የሚበልጡ ታዳጊ ተማሪዎችን ያካተተውና በ2022 ውጤቱ የወጣው ትልቅ ሙከራ ደግሞ በየክፍሉ የተሰጠው ትምህርት ከተለመደው እንደማይበልጥ አሳየ። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው አልተለማመዱትም፤ አሰልቺ ያሉትም ብዙዎች ናቸው። አስቀድሞ የአእምሮ ጤና ስጋት በነበረባቸው ላይም የመክፋት ምልክት ታይቷል። በግዴታ የሚሰጥ ዝምታ አይጠቅምም።

በእኛ አገር ጉዳዩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣው የሃይማኖት ጥያቄ ነው። አርምሞና ሱባኤ በገዳሞቻችን፣ ዚክር በሙስሊሙ ዘንድ ከጥንት ያለ ሀብት ነው፤ ያንን የያዘ ሰው ልብን መሰብሰብ ምን እንደሆነ ከማንም መተግበሪያ መማር አያሻውም። ሁለቱን አንድ ማድረግ ግን ለሁለቱም አይበጅም። ጸሎት ወደ ፈጣሪ የሚቀርብ ነው፤ የጭንቀት ማቃለያ ተብሎ ሊመዘን አይገባም። በክሊኒክ የሚሰጠው ልምምድ ደግሞ ትንፋሽንና ስሜትን ማስተዋል ነው፤ ለማንም ሃይማኖት ተተኪ ሆኖ አይቀርብም። ይህ በግልጽ ቢነገር የሚያምነውም ሰው ሳይሰጋ ሊጠቀምበት ይችላል፣ አባቶችና ኡለማዎችም ሕሙማንን ወደ ሕክምና በመምራት በኩል ያላቸው ድርሻ ይጠናከራል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ማን ያስተምራል፣ ለማን የሚለው ነው። በከተማ ገንዘብ ከፍሎ ለሚማረው ሰው አሠልጣኙ ሊነግረው የሚገባው ጥቂት ነው፤ ደስታ ቃል እንደማይገባለት፣ ስምንት ሳምንት ያህል በየቀኑ መለማመድ እንደሚጠይቅ፣ እየባሰበት ከሄደ ማቆምና ሐኪም ማማከር እንዳለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም በራሱ እንዳያቋርጥ። የእኔ ሐሳብ ግን ይበልጥ የሚሄደው በሰሜኑ ጦርነትና በየአካባቢው ግጭት ተፈናቅለው በመጠለያ ወዳሉት፣ ከአረብ አገር ተጎድተው ወደሚመለሱት እህቶቻችን ነው። ለእነርሱ የሚሆን የአእምሮ ሐኪም በየወረዳው የለንም፤ በቅርብም አይኖረንም። የራይኖ ካምፑ ሥልጠና ግን ሐኪም አይፈልግም፤ የተቀረጸ ድምፅ፣ በሥዕል የተዘጋጀ መጽሐፍ፣ ሃያና ሠላሳ ሰው የሚይዝ ጥላ፣ አጭር ሥልጠና የወሰደ አስተባባሪ፣ የባሰበት ሰው ሲገኝ የሚላክበት ጤና ጣቢያ ይበቃዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ቤት ለቤት መሄዱን ያውቁበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ይዘቱን በነፃ ነው የሰጠው። ጤና ሚኒስቴርና የተፈናቃዮችን ጉዳይ የያዙ ድርጅቶች በአንድ ዞን፣ በጥቂት መጠለያዎች፣ ከማነጻጸሪያ ቡድን ጋር ቢጀምሩትና ውጤቱን በግልጽ ቢያሳትሙት፣ ለመስፋፋት ወይም ለመተው የሚያበቃ የራሳችን ማስረጃ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይኖረናል።